ከቤት ነው የምሠራው፤ ክፍሉን ከታክስ ላይ ማስቀነስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከ2020 ጀምሮ ለአንድ የሕክምና ቢሊንግ ድርጅት ሙሉ ቀን ከቤት እሠራለሁ። የሚሰጡኝ ደብልዩ-2፣ ማለትም የተቀጣሪ የደሞዝ ወረቀት ነው። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ደግሞ ማታ ማታና ቅዳሜ በስልክና በቪዲዮ አማርኛ አስተረጉማለሁ። እሱ በ1099፣ ማለትም በግል ሠራተኛ የክፍያ ወረቀት ነው። አልፎ አልፎም ሆስፒታል ድረስ ሄጄ አስተረጉማለሁ። ቤታችን ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ነው፣ ኪራይ። እንደ እኔው በደብልዩ-2 ከቤት የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ። ታክስ የሚሠራላት ሰው “የቤት ቢሮ” ብሎ 4,000 ዶላር አስቀንሶላታል። እኔስ እችላለሁ? ባለቤቴም ኡበር ይነዳል፤ እሱስ የሚያገኘው ነገር አለ?

መልስ፦ እህቴ፣ አጭሩን ላስቀድም። ለደብልዩ-2 ሥራዎ አይችሉም። ለአስተርጓሚነቱ ይችላሉ። ሁለቱንም የሚሠሩት አንድ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ይወሳሰባል፤ ረዘም አድርጌ የምጽፈውም ለዚህ ነው። የጓደኛዎ ነገር ደስ አላለኝም። መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል 15 እሰማዋለሁ። ሰው ሁሉ የሚነሳው ከቦታው ነው። “ቤቴ ቁጭ ብዬ ቀኑን ሙሉ እሠራለሁ፤ መብራቱ የኔ፣ ኢንተርኔቱ የኔ፣ ወንበሩ የኔ” ይላል። እውነቱን ነው። የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ ግን ከቦታው በፊት ገንዘቡ በምን ወረቀት እንደመጣ ያያል።

እስከ 2017 ድረስ ተቀጣሪም የሚያገኛት ነገር ነበረች። አሠሪው ያልከፈለውን የሥራ ወጪ ስኬጁል ኤ በሚባለው የተቀናሾች ቅጽ ላይ ያስገባ ነበር። ያውም ከገቢው 2 በመቶ በላይ የሆነው ብቻ ነበር የሚቆጠርለት። በ2017 መጨረሻ የወጣው የታክስ ሕግ ይህን ከ2018 እስከ 2025 አገደው። ከዚያ ኮቪድ መጣ። አገር ምድሩ ቤቱ ገብቶ መሥራት ጀመረ። ተቀናሹ ግን ቀድሞ ሄዶ ነበር። “2025 ሲያልቅ ይመለሳል” ብለው የሚጠብቁ ደንበኞች ነበሩኝ። ጁላይ 4፣ 2025 የተፈረመው ትልቁ ሕግ እገዳውን ቋሚ አደረገውና እሱም ተስፋ ተቆረጠ።

ጥቂት ሰዎች አሁንም ወጪያቸውን መቀነስ ይችላሉ። የመከላከያ ተጠባባቂዎች፣ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ አንዳንድ የመድረክ አርቲስቶችና ተዋንያን፣ አካል ጉዳት ኖሮባቸው ሥራቸውን ለመሥራት ልዩ ወጪ የሚያወጡ ሰዎች ይገኙበታል። የእርስዎ ጉዳይ ከነዚህ ውስጥ አይገባም። ስቴቶችም ይለያያሉ። ካሊፎርኒያ፣ ኒውዮርክና ፔንሲልቬኒያ በራሳቸው የስቴት ታክስ ላይ ለተቀጣሪ የሚፈቅዱት ነገር አላቸው። እኛ ሜሪላንድ ነን፤ እዚህ የለም። ማዶ ቨርጂኒያም የለም።

“ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት፣ ኤልኤልሲ ብከፍትስ?” እንዳይሉኝ። ይህን ምክር ማን እንደሚያከፋፍለው አላውቅም፣ ግን ደብዳቤ ሳጥኔ በሱ ሞልቷል። ኤልኤልሲ መክፈት የደብልዩ-2 ደሞዝን የንግድ ገቢ አያደርገውም። “ክፍሉን ለአሠሪዬ አከራይቼ ወጪውን ልቀንስ” የሚለውንም ብልሃት ሕጉ ስሙን ጠርቶ ዘግቶታል።

በደብልዩ-2 በኩል የቀረችው አንዲት መንገድ ከአሠሪው ጋር መነጋገር ናት። አሠሪዎ ለኢንተርኔት፣ ለወንበር፣ ለሄድሴት ያወጡትን በደረሰኝ ከተካልዎት፣ ገንዘቡ እንደ ደሞዝ አይቆጠርም፤ ታክስም የለበትም። ሥርዓቱ አካውንተብል ፕላን ይባላል። ወጪው የሥራ መሆን አለበት። ደረሰኙን ቶሎ ያቀርባሉ፤ በ60 ቀን ውስጥ ካቀረቡ ማንም አይከራከርም። ተርፎ የተሰጠዎት ካለ ይመልሳሉ። ካሊፎርኒያና ኢሊኖይ አሠሪው እንዲህ ያለውን ወጪ እንዲተካ በሕግ ያስገድዳሉ። ሜሪላንድ ውስጥ መጠየቅ ነው እንግዲህ። ብዙ ድርጅት ፎርሙ አለው፤ የሚጠይቀው ሰው ነው የሌለው። በወር 50 ዶላር ከታክስ ነጻ ማግኘት፣ ተቀናሹ ቢኖር ኖሮ ከሚያስገኘው ይበልጣል።

አሁን ወደ አስተርጓሚነቱ እንምጣ። በ1099 የሚመጣው ገቢ የንግድ ገቢ ነው፤ ስኬጁል ሲ በሚባለው የግል ንግድ ቅጽ ላይ ይገባል። እዚያ የቤት ቢሮ ተቀናሽ አለ። ሕጉ ቦታው ዘወትር እና ለሥራ ብቻ እንዲውል፣ የሥራው ዋና ቦታም እንዲሆን ይፈልጋል።

“ዘወትር” ቀላል ናት። ማታ ማታና ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስተረጉሙ ከሆነ ይበቃል። በዓመት ሦስት ጊዜ ከሆነ አይበቃም።

ሐበሻን የምትጥለው “ብቻ” የምትለዋ ናት። የኛ ቤት እንግዳ የማይገባበት ክፍል ኖሮት አያውቅማ። አንድ ደንበኛዬ ሁለተኛውን መኝታ ክፍል ሙሉ በሙሉ ቢሮ ነው ብሎ መጣ። “ሌላ ምን አለበት?” አልኩት። “ምንም” አለኝ። “አልጋስ?” “ሶፋ አልጋ አለች፤ ግን የታጠፈች ናት።” “ባለፈው ክረምት እናትህ ከአዲስ አበባ መጥተው አልነበር? የት ነበር የሚያድሩት?” ዝም አለ። ሦስት ወር ነው የቆዩት። ክፍሉን አላስቀነስንለትም። ጠረጴዛውና መደርደሪያው ያሉበትን ጥግ ብቻ በሜትር ለክተን እሱን አስገባንለት። እናቱ ጠረጴዛው ላይ አላደሩማ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይውሰዱ። የመጀመሪያው፣ ክፍሉ ሙሉ መሆን የለበትም። ግድግዳም መጋረጃም አይጠየቅም። “ከዚህ እስከዚህ የሥራ ነው” ተብሎ ሊለይ የሚችል ቦታ ይበቃል። ሁለተኛው፣ የለዩት ቦታ ላይ ሌላ ነገር አይደረግም። ልጅ የቤት ሥራውን አይሠራበትም። ልብስ አይተኮስበትም። እሑድ ሰው ሲመጣ ረከቦቱ አይዘረጋበትም። የምግብ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ ከፍተው በቀን አሥር ሰዓት ቢሠሩም አይሆንም፤ እራት ይበላበታል። አልጋ ላይ ተቀምጦ ማስተርጎምም ያው ነው።

እንግዲህ የእርስዎ ችግር እዚህ ላይ ነው። ሶፋ አልጋ አልጠቀሱልኝም። ግን ቀን ለቢሊንግ ድርጅቱ፣ ማታ ለአስተርጓሚነቱ የሚቀመጡት አንድ ጠረጴዛ ላይ ይመስለኛል። ይሄ “ለሥራ ብቻ” ነው ወይስ አይደለም?

የታክስ ፍርድ ቤት በ1990 እንዲህ ዓይነት ጉዳይ አይቷል። ሰውየው ተዋናይ ነው። በግሉም ይሠራል፤ በአንድ ቴአትር ትምህርት ቤትም ተቀጥሮ ይሠራል። ለሁለቱም የሚጠቀመው ቤቱ ያለውን አንድ ቢሮ ነው። ቴአትር ቤቱ ግን የሚሠራበት ቢሮ ሰጥቶት ነበር። ፍርድ ቤቱ “የቅጥሩን ሥራ ቤትህ የምትሠራው ለአሠሪህ ሲባል አይደለም፤ ስለዚህ ቢሮው ለሚፈቀድ ሥራ ብቻ አልዋለም” አለ። የቅጥሩንም የግሉንም አጣ።

ስለዚህ ለእርስዎ ወሳኙ ጥያቄ አሠሪዎ ከቤት የሚያሠራዎት ለምን እንደሆነ ነው። ድርጅቱ ቢሮውን ዘግቶ ወይም ቦታ የለኝም ብሎ “ከቤት ሥሩ” ካለ፣ የቀኑ ሥራዎ ለአሠሪው ሲባል ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። ጠረጴዛውን መጋራትዎ የአስተርጓሚነቱን ተቀናሽ አያፈርሰውም። ቢሮ እያለ፣ ጠረጴዛም ተመድቦልዎት፣ እርስዎ “ለልጆቼ ይመቸኛል” ብለው ጠይቀው ከሆነ ግን የተዋናዩ ዕጣ ነው የሚደርስዎት። በ2020 ወደ ቤት የገባ ሰው ታሪኩ ብዙ ጊዜ ድብልቅ ነው። መጀመሪያ ድርጅቱ አስገባው፤ በኋላ ቢሮው ሲከፈት እሱ ቀረ። ዛሬውኑ ለኃላፊዎ አጭር ኢሜይል ይጻፉ። “የሥራ ቦታዬ ቤቴ መሆኑንና ቢሮ ውስጥ የተመደበልኝ ቦታ አለመኖሩን በጽሑፍ ብታረጋግጡልኝ” ይበሉ። የሚመጣው መልስ አንድ መስመር ቢሆንም ወርቅ ነው።

ደብዳቤው ቢመጣም ግን ገንዘቡ ይሳሳል። ቦታውን ሁለት ሥራ ስለተጋራው መቀነስ የሚችሉት የአስተርጓሚነቱን ድርሻ ብቻ ነው። ስሌቱን እንየው።

አፓርታማዎ 1,000 ስኩዌር ፊት ነው እንበል። የሥራው ጥግ 80 ስኩዌር ፊት፣ ማለትም ከቤቱ 8 በመቶ። ኪራይ በወር 2,200፣ በዓመት 26,400 ዶላር። መብራት 1,500። የተከራይ ኢንሹራንስ 240። ድምሩ 28,140 ነው። የዚህ 8 በመቶ 2,251 ዶላር ይመጣል። ጥጉ የአስተርጓሚነቱ ብቻ ቢሆን ይህን ሙሉውን ይቀንሱ ነበር። ለቀኑ ሥራ በሳምንት 40 ሰዓት፣ ለማስተርጎም 12 ሰዓት የሚቀመጡበት ከሆነ ግን የማስተርጎሙ ድርሻ ከ52 ሰዓት 12ቱ ነው። 520 ዶላር ገደማ ትቀራለች።

ልዩነቱን አዩት? የሁለተኛ ጠረጴዛ ጉዳይ ነው። 2025 አልፏል፤ የሆነውን ነው የምንጽፈው። ከዛሬ ጀምሮ ግን ያገለገለች ትንሽ ጠረጴዛ ገዝተው መኝታ ቤት ጥግ ላይ ያድርጓት። የቢሊንጉን ሥራ እዚያ ይሥሩ። ይህኛውን ጥግ ለአስተርጓሚነቱ ይተዉት። የመኝታ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ የፈለገው ቢደረግ ግድ የለም፤ ምንም አንቀንስባትም።

ቀላል የሚባል ሌላ ስሌት ደግሞ አለ። ከ2013 ጀምሮ የመጣ ነው። ለእያንዳንዱ ስኩዌር ፊት 5 ዶላር፣ እስከ 300 ስኩዌር ፊት። ጣሪያው 1,500 ዶላር ነው። ደረሰኝ አይጠየቅበትም። ብዙ ታክስ ሠሪ ጊዜ ስለሚቆጥብለት ሁሉንም ሰው እዚህ ውስጥ ይከታል። በእርስዎ ስሌት 80 ጊዜ 5፣ 400 ዶላር ነው። በሌላኛው 2,251። ኪራይ እንዲህ በተወደደበት በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖር ተከራይ ቀላሉ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ኪሳራ ነው። የሙሉው ስሌት ቅጽ፣ ፎርም 8829፣ አንድ ገጽ ናት። “እሱን ሙላልኝ” ይበሉት።

በጥሬ ገንዘብ ምን ያተርፋሉ? 2,251 ዶላር ተቀናሽ ማለት 2,251 ዶላር ሪፈንድ ማለት አይደለም። ይህን ሁሌም የምደግመው ሰው ስለሚያደባልቀው ነው። የቤት ቢሮ ግን ከሌሎች ተቀናሾች የሚሻልበት ምክንያት አለ። በግሉ የሚሠራ ሰው ከፌዴራሉ የገቢ ታክስ ሌላ 15.3 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ ይከፍላል። የቤት ቢሮው ሁለቱንም ይቀንሳል። የስቴቱንና የካውንቲውንም እንደዚሁ። እርስዎና ባለቤትዎ አብራችሁ እየሞላችሁ በ12 በመቶው ደረጃ ውስጥ ከሆናችሁ፣ 2,251ዱ ወደ 680 ዶላር ገደማ ያድንላችኋል። 520ዋ ደግሞ 155 አካባቢ። ለዚህ ሁሉ ጣጣ ያንሳል ካሉ አልፈርድብዎትም።

አንድ ገደብም አለ። ቢሮው ከማስተርጎሙ የተጣራ ገቢ በላይ አይቀነስም። 14,000 ዶላር አስገብተው 1,200 ሌላ ወጪ ካለዎት ችግር የለም። 1,500 ብቻ አስገብተው ከሆነ ግን የተረፈው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። በቀላሉ ስሌት ከሄዱ የተረፈው ይጠፋል። ሥራውን ዓመቱ አጋማሽ ላይ የጀመረ ሰውም የሚቆጥረው ከዚያ ወዲህ ያሉትን ወራት ብቻ ነው።

“ዋና ቦታ” የምትለዋን አልረሳኋትም። ሆስፒታል ድረስ እየሄዱ ማስተርጎምዎ ቢሮውን ያሳጣዎት ይሆን? ድሮ ቢሆን ያሰጋ ነበር። ሶሊማን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም እዚሁ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሦስት ሆስፒታል ውስጥ ይሠራ ነበር። ሆስፒታሎቹ ቢሮ አልሰጡትም። ሒሳቡን የሚሠራው፣ ለበሽተኞችና ለሐኪሞች የሚደውለው ቤቱ ሆኖ ነው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1993 ተፈረደበት። “ዋናው ሥራህ በሽተኛ ማደንዘዝ ነው፤ እሱ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ነው” ተባለ። ኮንግረስ ግን በ1997 ሕጉን አሻሻለው፤ ከ1999 ጀምሮ ይሠራል። አሁን የሥራውን አስተዳደር፣ ማለትም ቀጠሮ መያዙን፣ ደረሰኝ መላኩን፣ ሒሳቡን ቤት ከሠሩ፣ ይህን በዋናነት የሚሠሩበት ሌላ ቋሚ ቦታም ከሌለዎት፣ ቤትዎ ዋና ቦታ ነው። ሐኪሙ በራሱ አልተጠቀመም። ለአስተርጓሚና ለቤት ለቤት ነርስ ግን መንገድ ጠርጎ አለፈ።

ከዚህ ጋር የምትመጣ ጉርሻ አለች። ቤትዎ የአስተርጓሚነቱ ዋና ቦታ ከሆነ፣ ከቤት ተነስተው ሆስፒታል የሄዱበት ማይል የሥራ ማይል ይሆናል። ቢሮው ባይኖር ከቤት ወደ መጀመሪያው ሥራ መሄድ እንደማንኛውም ሰው የግል ጉዞ ነው። ለ2025 ማይሉ 70 ሳንቲም ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ባልቲሞር ደርሶ መልስ 60 ማይል ቢሆን 42 ዶላር ነው። በወር ሦስት ጊዜ ከሄዱ ከ520ዋ ይልቅ ማይሉ ይበልጥልዎታል። የጻፉት መዝገብ ከሌለዎት ግን ቀኑን ከቀጠሮ ኢሜይሎችዎ ላይ እያዩ አሁኑኑ ይሥሩት።

ደግሞ ቢሮው ቢኖርም ባይኖርም የሚቀነሱ ነገሮች አሉ። ይህን የሚነግራቸው ስላጡ ክፍሉ አልሆነም ሲባሉ ሁሉንም የሚተዉ ሰዎች አሉ። ለማስተርጎም የገዙት ሄድሴት፣ ካሜራ፣ የአስተርጓሚነት ፈተናና ሥልጠና ክፍያ፣ የማስተርጎሙ የኢንተርኔትና የሞባይል ድርሻ፣ ሁሉም ስኬጁል ሲ ላይ ይገባሉ። ላፕቶፑን ለቀኑም ለማታውም ከተጠቀሙ ድርሻውን ያስሉ። ድርጅቱ የሰጠዎት ላፕቶፕ ከሆነ ግን የሚቀንሱት ነገር የለም፤ አልገዙትማ። በሱ ላይ ማስተርጎምዎንም አሠሪዎ ባያይ ይሻላል።

የባለቤትዎን ነገር በአጭሩ። ኡበር የሚነዳ ሰውም በግሉ የሚሠራ ስለሆነ በወረቀት ደረጃ ቢሮ ሊኖረው ይችላል። ሒሳቡን ቤት ይሠራል። ግን እውነቱን እንነጋገር። አብዛኛው ሹፌር ሒሳቡን የሚሠራው ሶፋ ላይ ተጋድሞ በስልኩ ነው። ለሱ ተብሎ የተለየ ጠረጴዛ ከሌለ ይተውት። የሱ ሀብት ማይሉ ላይ ነው። አፕሊኬሽኑ የሚመዘግበው ብዙ ጊዜ ተሳፋሪ የያዘበትን ነው። ጥሪ ለመቀበልና በጥሪዎች መሃል የነዳው በራሱ መዝገብ ካልተያዘ ይጠፋል። የማይሉን ሒሳብ ከመረጠ ቤንዚንና ጥገናን ደግሞ ለብቻ አይቀንስም፤ የፓርኪንግና የመንገድ ክፍያ ግን ይቀነሳል።

እርስዎ ባይጠይቁም ሁለት ዓይነት አንባቢ “እኛስ?” ማለቱ አይቀርም። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ዴይኬር የከፈቱ እናቶች። “ብቻ” የምትለዋ ሕግ እነሱን አትመለከትም። ሳሎኑ ቀን የሕፃናት፣ ማታ የቤተሰብ ሊሆን ይችላል። የስቴቱ ፈቃድ ግን መኖር አለበት፤ ወይም ማመልከቻው ገብቶ ያልተከለከለ፣ ወይም በሕግ ፈቃድ የማይጠየቅበት መሆን አለበት። የሚሰላው በቦታና በጊዜ ነው። ዓመቱ 8,760 ሰዓት አለው። በቀን 11 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ 50 ሳምንት ከሠሩ 2,750 ሰዓት፣ ማለትም 31.4 በመቶ ነው። ልጆቹ የሚጠቀሙበት ከቤቱ 75 በመቶ ከሆነ፣ ሁለቱ ሲባዙ 23.5 በመቶ ይሆናል። የቤቱ ወጪ በዓመት 40,000 ዶላር ቢሆን 9,400 ገደማ ይቀነሳል ማለት ነው። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ የሚጸዳበትና ከመምጣታቸው በፊት የሚዘጋጅበት ሰዓትም ይቆጠራል። ይህን ሰዓት የሚጽፍ ሰው ግን አላየሁም። ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ይለጥፉና በየቀኑ ሁለት ቁጥር ይጻፉ።

ሁለተኛው የቤት ባለቤት ነው። ሙሉውን ስሌት ከመረጠ ታክስ ሠሪዎች ዲፕሪሲዬሽን የሚሉት የእርጅና ቅናሽ ይመጣል። ቤቱ ያለ መሬቱ 400,000 ዶላር ቢሆንና ቢሮው 10 በመቶ ቢሆን፣ 40,000 ለ39 ዓመት ሲካፈል በዓመት 1,026 ዶላር ገደማ ነው። ጥሩ ነው። ቤቱ ሲሸጥ ግን ያቺ ተሰብስባ እስከ 25 በመቶ ታክስ ይጠየቅባታል። ለነጠላ 250,000፣ ለባልና ሚስት 500,000 ዶላር ድረስ ከትርፍ ላይ ታክስ የሚያስቀረው ሕግ እሷን አይሸፍናትም። “እንግዲያስ ዲፕሪሲዬሽኑን ልዝለለው” ማለትም አይጠቅምም፤ መውሰድ ይችሉ የነበረው እንደወሰዱት ነው የሚቆጠረው። ቀላሉ የ5 ዶላር ስሌት ይህ ጣጣ የለበትም። እንግዲህ ለተከራይ አይረባም ያልኩት ስሌት፣ በቅርቡ ለመሸጥ ላሰበ ባለቤት ደህና ነው።

ማስረጃ ያዘጋጁ። የጥጉን ፎቶ ቀን ያለበት ያንሱ። በሜትር ለክተው በወረቀት ላይ ይሳሉት፤ መሐንዲስ አያስፈልግም። ሊዙን፣ የመብራቱን ቢል፣ የማስተርጎም ሰዓቶችዎን መዝገብ አንድ ላይ ያስቀምጡ። የአሠሪዎንም ኢሜይል እዚያው። ቢያንስ ሦስት ዓመት አይጣሉ።

አሁን ጓደኛዎ። ተቀጣሪ ብቻ ከሆነች፣ ሌላ የራሷ ሥራ ከሌላት፣ ያ 4,000 ዶላር የሚገባበት ሕጋዊ መስመር የለም። ታዲያ የት ገባ? የኔ ግምት የሌለ ንግድ ፈጥሮላት ስኬጁል ሲ ላይ ኪሳራ ጽፎላታል። ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። “ኮንሰልቲንግ” ይባላል፤ ገቢ ዜሮ፣ ወጪ ብዙ ሺህ። ሰውየው በሪፈንዱ መጠን ነው የሚከፈለው። የአይአርኤስ ደብዳቤ ሲመጣ ስልኩን አያነሳም። ታክሱን፣ ወለዱንና 20 በመቶ ቅጣቱን የምትከፍለው እሷ ናት። “እሱ ነው የጻፈው” ማለት አያድናትም፤ ፊርማው የሷ ነው።

የሪተርኗን ኮፒ አውጥታ ስኬጁል ሲ የሚል ገጽ ካለበት ስሟ ሥር ምን ዓይነት ሥራ እንደተጻፈ ታንብብ። የማታውቀው ሥራ ካገኘች በፎርም 1040-ኤክስ ራሷ ታስተካክል። አይአርኤስ ሳይጠይቃት ካስተካከለች ብዙውን ጊዜ ታክሱንና ወለዱን ከፍላ ከቅጣቱ ትድናለች። የሪተርኗ ሁለተኛ ገጽ ግርጌ ላይ ደግሞ የአዘጋጁ ስም፣ ፊርማና ፒቲን የሚባለው ቁጥር መኖር አለበት። ተከፍሎት ሠርቶ ያ ቦታ ባዶ ከሆነ፣ ወይም “በራስ የተዘጋጀ” የሚል ከሆነ፣ ዘንድሮ ወደሱ አትመለስ።